ሪል አናሊሲስ ከዶሮው ቤት ጎን

ኮሮና ዩኒቨርሲቲውን ዘግቶ ተማሪዎቹን በየቤታቸው ሲበትናቸው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። ከአቃቂ ተነስቶ መሀል ከተማ የሚያስተምር ሰው ጠዋት ጠዋት የሚገጥመውን የሚኒባስ ሰልፍ የሚያውቀው የቆመበት ብቻ ነው። የሰልፉ ጭራ ከየት እንደሚጀምር እስከ ዛሬ በሳይንስ አልተረጋገጠም። ደብረ ዘይት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ፀጉሬ የሸበተው እዚያ ሰልፍ ላይ ነው፤ ስሰለፍ ጥቁር ነበር።

ደስታዬ የቆየው የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ እስኪደውልልኝ ድረስ ነው። ኃላፊው ድሮ ያስተማርኩት ልጅ ነው። አሁን አለቃዬ ሆኗል፤ ግን አንቱታውን አልተወም፤ መከራውን የሚያመጣብኝ በአክብሮት ነው።

«መምህር፣ ተመራቂዎቹን በኦንላይን ያስጨርሱልኛል» አለ።

«የትኛውን ኮርስ?»

«ሪል አናሊሲስን።»

«ሪል አናሊሲስ በስልክ? ጥርስም በስልክ ይነቀል እንዴ?»

«ሌላ አማራጭ የለንም መምህር።»

ለማያውቁት ልንገር። ሪል አናሊሲስ ማለት ተማሪ ዕድሜውን በሙሉ ሲሠራበት የኖረውን ሒሳብ «ለመሆኑ ልክ መሆኑን በምን አወቅህ?» ብሎ አንገቱን የሚይዝ ኮርስ ነው። ሠላሳ ዓመት አብረው የኖሩ ባልና ሚስትን የጋብቻ ምስክር አምጡ እንደማለት ነው። ጎበዝ ተማሪ እንኳ በዚህ ኮርስ ላይ ስሙን ይረሳል። በጥቁር ሰሌዳ፣ በጠመኔ፣ በእጅ ጥቆማ፣ በልምምጥ ሳስተምረው እንኳ ግማሹ ክፍል የሚያየኝ የአውሮፕላን አስተናጋጅ የአደጋ ጊዜ መውጫ ስታሳይ እንደሚታየው ነው።

«ደግሞ አንድ ነገር» አለ ኃላፊው። «ሰው ቤቱ ሆኖ የጽሑፍ ፈተና ሲፈተን የሚጠብቀው ስለሌለ ማጠቃለያው የቃል ነው፤ በስልክ። ፈታኙ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ጡረታ የወጡ ፕሮፌሰር ናቸው። እርስዎ መስማት ይችላሉ። መናገር ግን አይፈቀድልዎትም።»

«እኔ አልናገርም?»

«አይናገሩም መምህር።»

ስልኩን ሳይዘጋ ሲስቅ ሰምቼዋለሁ።

እኔን ግን ያሳሰበኝ የራሴ አፍ አልነበረም። ከተማሪዎቹ መካከል አንዷ ባለፈው ዓመት ይህንኑ ኮርስ ወድቃ ነበር። በደንቡ መሠረት ደግማ ከወደቀች ያለ ዲግሪ ትሰናበታለች፤ ያን ሁሉ ዓመት የተማረችው ሁሉ ቀረ ማለት ነው። የስልጤ ልጅ ናት፤ አባቷ ሳሪስ ሱቅ አለው። ክፍል ውስጥ ከኋላ፣ ግድግዳውን ተጠግታ ነበር የምትቀመጠው። ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም። ስም ስጠራ እንኳ እጇን ነው የምታነሳው። እንግዲህ ይህች ልጅ ናት በቃል የምትፈተነው።

የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በቪዲዮ ሞከርነው። ከረባት አስሬ፣ ከወገቤ በታች በቢጃማ፣ ስልኩን በስኳር ጣሳ ላይ አስደግፌ ጀመርኩ።

«ይሰማል?» አልኩ።

«ይሰማል መምህር» አለ አንዱ።

«አይሰማም መምህር» አለ ሌላው። ካልሰማ ምኑን እንደመለሰ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከዚያ የአንዱ ምስል ደረቀ፤ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ሌላው ሲወጣና ሲገባ ሠርግ ቤት አስመሰለው። እኔም ሙሉውን ክፍለ ጊዜ ከ«ይሰማል?» ሳልዘል ጨረስኩት። ተማሪዎቼ በዚያን ቀን የቀሰሙት ዕውቀት ቢኖር አፍንጫዬ ከታች ሲታይ ምን እንደሚመስል ነው።

ሚስቴ በበሩ በኩል አንገቷን አስግጋ «በክፍልም እንደዚህ ነው የምታስተምረው?» አለችኝ።

«በክፍልስ ሱሪ እለብሳለሁ።»

ቪዲዮው እንደማያዋጣ ሲገባን ወደ ድምፅ ዞርን። የክፍሉ ልጆች ባሉበት ግሩፕ ላይ አጫጭር የድምፅ መልእክት፣ ልጆቹ ቮይስ የሚሉትን፣ መላክ ጀመርኩ። ቮይስ ዳታ አይበላም፤ ኔትወርክ እየቆራረጠም ቢሆን ዞሮ ዞሮ ይደርሳል። ችግሩ ስዕል የለ፣ ቀመር የለ፤ ያለው አፍ ብቻ ነው። ደግሞ በእኛ ግቢ ኔትወርክ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከጓሮ፣ ሚስቴ ዶሮ ከምታረባበት ቤት ጎን። እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ማስኬን አገጬ ላይ አንጠልጥዬ ማስተማር ያዝኩ። አውራ ዶሮው እኔ «ስለዚህ» ባልኩ ቁጥር ይጮኻል። ተማሪዎቹ ከጊዜ በኋላ የማረጋገጫው መጨረሻ የቱ ጋ እንደሆነ የሚለዩት በእሱ ሆነ።

ሦስት ቮይስ ሙሉ የቀጣይነትን ትርጉም በእንግሊዝኛ፣ መጽሐፉ እንዳለው፣ ከነኤፕሲሎኑ ከነዴልታው ተነተንኩ። «ጥያቄ አለ?» ብዬ ጨረስኩ። ሁሉም ሰምተውታል፤ ግሩፑ ማን እንደሰማ ያሳያል። የመለሰ የለም። ክፍል ውስጥ ቢሆን ፊታቸውን አይቼ ገባቸው፣ አልገባቸውም እላለሁ፤ ቢያንስ ማን እንደተኛ አውቃለሁ። እዚህ ግን አራስ ቤት እንደገባ ሰው በዝምታ ተከብቤ ተቀመጥኩ። ዶሮዎቹ ብቻ አዩኝ።

ብሽቅ አልኩ። ስልኩን አነሳሁና አንዲት ቃል ላክሁ።

«እንቆቅልሽ።»

ምን ነካኝ ብዬ ላጠፋው ስል አንድ ቮይስ ገባ። ቀጭን የሴት ድምፅ ነው። ከኋላዋ አንድ ሰው ስኳር ይጠይቃል።

«ምን አውቅልዎ» አለች።

ለእንቆቅልሽ አንቱ የተባለ ሰው ከእኔ በፊት ያለ አይመስለኝም። ደነገጥኩና የመጣልኝን ጠየቅሁ።

«ቁጥርን እጥፍ የሚያደርግ ሰውዬ አለ። ሦስት ሲሰጡት ስድስት ይመልሳል። እኔ ደግሞ መልሱ ከስድስት በአንድ አስረኛ እንኳ እንዲርቅብኝ አልፈልግም። ከሦስት ምን ያህል ብርቅ ነው የማያሳፍረኝ?»

«እስከ አንድ ሃያኛ።»

«አንድ መቶኛ እንኳ እንዳይርቅ ብልስ?»

«አንድ ሁለት መቶኛ... አንዴ ይቆዩኝ።» ቮይሱ ላይ «ስኳር አልመጣም ወንድሜ፣ ከሰዓት ና» ስትል ይሰማል። ከዚያ ተመልሳ «መምህር» አለች፣ «እርስዎ የፈለጉትን ይጥሩ፤ እኔ ግማሹን እመልስልዎታለሁ።»

ከድንጋዩ ላይ ተነሳሁ። ይኸው ነው እኮ። መጽሐፉ በግሪክ ፊደል አጨናንቆ ግማሽ ገጽ የፈጀበት ነገር ይኸው ነው። ጠያቂው ስህተቱ ምን ያህል እንዳይበልጥ እንደሚፈልግ ይጠራል፤ ያ ኤፕሲሎን ነው። መላሹ እንግዲያው ከዚህ አትራቅ ይላል፤ ያ ዴልታ ነው። ጠያቂው የቱንም ያህል ቢያጠብቅ መላሹ መልስ ካላጣ አሸነፈ። ሃያ ዓመት በላብ ሳስተምር የኖርኩት ነገር ሕፃናት ምድጃ ዳር ከሚጫወቱት ጨዋታ ጋር መልኩ አንድ ነው።

«ማነሽ አንቺ?» አልኳት።

«ከኋላ፣ ግድግዳው ጋ የምቀመጠው ነኝ።»

ቆይቶ ለብቻዬ ነገረችኝ። «ሐሳቡ ሁልጊዜም አለኝ መምህር። በእንግሊዝኛ አፌ ላይ ሲደርስ ይተናል። ሰው ደግሞ ዞሮ ያየኛል። እዚህ የሚያየኝ የዘይት ጀሪካን ብቻ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ክፍል መሆኑ ቀረ። በአማርኛ፣ በእንቆቅልሽ ሆነ። አንዱ ኤፕሲሎን ይጠራል፣ ሌላው ዴልታ ይመልሳል፤ ያቃተው እንደ ጨዋታው ደንብ አገር ይሰጣል። አንዱ ልጅ ተሸንፎ ቃሊቲን ሰጠሁህ ሲል፣ አሸናፊው «ቃሊቲማ አልገባም፣ መውጫው ከባድ ነው» ብሎ አልቀበልም አለ። እኔ አውቄ ስህተት ያለበት ማረጋገጫ እልካለሁ፤ ስህተቱን ቀድሞ ያገኘ ከእኔ ላይ አገር ይቀበላል። አራት ዓመት ትንፍሽ ያላሉ ልጆች አፍ አወጡ። ከሌሊት ወፍ በቀር ማንም የማይሰማው ዓይነት ድምፅ የነበራቸው ሁሉ መጮኽ ጀመሩ።

የሳሪሷ ልጅ ግን ምሕረት የላትም። ከሞያሌ እስከ መተማ ያለውን አገር ጠቀለለችው። ጎበዝ የሚባሉት ልጆች የትውልድ መንደራቸውን አስረክበው በስደት ነው የሚማሩት። አንድ ቀን ለእኔ ያቀረበችው ጥያቄ ላይ ተቸገርኩ፤ መልሱ የጠፋኝ ዶሮው ስለጮኸብኝ ነው ብል የሚያምነኝ አላገኘሁም። አቃቂን ከነአሮጌው ባቡር ጣቢያው አስረከብኳት። በጨዋታው ወግ አሸናፊው ተሸናፊውን መስደብ አለበት። ሁሉም ምን ትል ይሆን ብሎ ጠበቀ።

«አቃቂ ገብቼ ምን አጥቼ» አለች ቀስ ብላ፤ «እርስዎን ግን፣ በአክብሮት፣ ከዶሮዎቹ ጋር አስቀርቼ።»

ግሩፑ ሲስቅ ዋለ። ሚስቴ ቮይሱን አምስቴ አስደግማ ሰማችው፤ ለእህቷም ላከችላት።

በአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን አሮጊት ግን ተጨንቀዋል። አንድ ቀን ድንጋይ ላይ ቆመው በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ እማማ።»

«እንቆቅልሽ ትላለህ በጠራራ ፀሐይ። ለማን ነው?»

«ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነው እማማ። ከፍተኛ ሒሳብ ነው።»

«እኛ ልጆች ሳለን ከራት በኋላ ነበር» አሉኝ። ትንሽ አሰቡና «ደመወዙስ ይገባል?» ብለው ጠየቁ። እንደሚገባ ስነግራቸው ወደ ሰማይ አይተው ወረዱ።

ፈተናው ሲቃረብ ኃላፊው ደንቡን ላከልን። የቃል ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው ይላል። የሳሪሷ ልጅ ለብቻዬ ቮይስ ላከችልኝ፤ ከኋላዋ የገበያተኛ ድምፅ እንኳ የለም።

«እንዘጋለሁ መምህር። አውቀዋለሁ፤ እንዘጋለሁ። ከወደቅሁ አባቴ ምንም አይለኝም፤ እሱ ነው የሚያስፈራኝ።»

በየቀኑ በእንግሊዝኛ አለማመድኳት። መልሱን ታውቃለች፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ትቆማለች። እኔም ላጽናናት ያልኩት ውሸት ብዛቱ ለመጽሐፍ ይበቃል። ፕሮፌሰሩ በባሕርያቸው ርግብ ናቸው አልኳት። ሰውየውን የማውቃቸው በዝና ነው፤ ዝናቸው ደግሞ የርግብ አልነበረም።

የፈተናው ቀን ረፋድ ላይ ከዶሮው ቤት ጎን ተቀመጥኩ። ማይኬን አጥፍቼ ነው የገባሁት። ሚስቴ ግን አላመነችኝም፤ ስልኩን እኔ ከማልደርስበት ከዶሮው ቤት ጣራ ላይ አስቀምጣ አጠገቡ ቆመች።

ተራ በተራ ተፈተኑ። ልጆቹ በእንግሊዝኛ እየተንተባተቡም ቢሆን መለሱ። የፕሮፌሰሩ ንግግር አጭር ነው፤ «እሺ»፣ «ለምን?»፣ «ቀጥል» ብቻ። ከዚያ የእሷ ተራ ደረሰ።

ቀጣይነት ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጠየቋት።

ዝም አለች።

በኦንላይን ማስተማር የሚያስጠላኝ አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው። የተቋረጠ ኔትወርክና የፈራ ተማሪ ድምፃቸው አንድ ነው። 

«ተቋረጠች እንዴ?» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«መስመር ላይ ናት» አለ ኃላፊው። «ጥያቄውን ልድገምልሽ?»

እኔ የለበስኩትን ሹራብ እጅጌ ጎርሻለሁ። አፌን ልከፍት ስል ሚስቴ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። አውራ ዶሮው እንኳ ዝም ብሏል።

«እንግዲህ አልመለሰችም ብለን...» ብሎ ኃላፊው ሲጀምር አንድ ጎርናና ድምፅ ስልኩ ውስጥ ገባ።

«አንቺ ልጅ፣ ሳሙና አለ?»

«አለ። ትልቁን ነው ትንሹን?» አለች እሷ፣ ጥርት ባለ ድምፅ።

ፕሮፌሰሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሱቅ ውስጥ ነሽ?» አሉ በአማርኛ።

«አዎ ፕሮፌሰር። አባቴ ዕቃ ሊያመጣ ሄዶ ነው። ይቅርታ። በአማርኛ ብመልስ ይፈቀድልኛል?»

«ደንቡ...» አለ ኃላፊው።

«ደንቡን አንብቤዋለሁ» አሉ ፕሮፌሰሩ። «የጠሩኝ ሒሳብ ልፈትን ነው። ቀጥዪ ልጄ።»

«እርስዎ ስህተቱ ከምን እንዳይበልጥ እንደሚፈልጉ ይንገሩኝ፤ እኔ ምን ያህል መጠጋት እንዳለብዎ እነግርዎታለሁ። የትኛውንም ቢጠሩ መልስ ካላጣሁ ነገሩ ቀጣይ ነው።»

«መልካም። ቁጥርን በራሱ እናባዛ። ሁለት ላይ ነን፤ መልሱ አራት ነው። ስህተቱ ከአንድ አስረኛ እንዳይበልጥ።»

«ከሁለት ከአንድ ሃምሳኛ በላይ አይራቁ።»

«አንድ ሺህኛ።»

«ከአንድ አምስት ሺህኛ በላይ አይራቁ። ፕሮፌሰር፣ ባንደክም ይሻላል። የጠሩትን ለአምስት አካፍዬ እሰጥዎታለሁ፤ ከአንድ ከበለጠ አንድን እሰጥዎታለሁ።» ከዚያ ምክንያቱን ደረደረችው፤ ቅደም ተከተሉ እንደ ሱቋ መደርደሪያ ነው፣ አንድ ዕቃ ከቦታው አልተዛነፈም።

«እህ» አሉ ፕሮፌሰሩ። እስከዚያ ድረስ ለማንም «እህ» አላሉም። «እዚህ ሁለት ላይ ቆመሽ ነው ለአምስት ያካፈልሽው። አንድ ዴልታ ለቁጥሮች ሁሉ፣ የትም ብንቆም፣ የሚበቃ ይኖራል?»

ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ። ብዙ ሰው የቀበረ ጥያቄ ነው። ዶሮው ቤት ላይ ተደገፍኩ።

«የለም» አለች።

«አሳዪኝ።»

«እንግዲያው አሁን ጠያቂዋ እኔ ነኝ። ስህተቱ አንድ እንዳይደርስ ነው የምፈልገው። እርስዎ ዴልታ ይስጡኝ።»

ኃላፊው ሲያስለው ሰማሁ። ተማሪ ፈታኙን ሲፈትን አይቶ አያውቅማ።

«አንድ አስረኛ» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«አስር ላይ እቆማለሁ። ከዚያ የሰጡኝን ግማሽ ብቻ እራመዳለሁ። አስር በራሱ ሲባዛ መቶ ነው፤ አዲሱ ግን መቶ አንድን አልፏል። ስህተቱ አንድን አልፏል፤ ተሸነፉ።»

«አንድ ሺህኛ።»

«ሺህ ላይ እቆማለሁ።»

«አንድ ሚሊዮንኛ።»

«ሚሊዮን ላይ እቆማለሁ። ፕሮፌሰር፣ እርስዎ ባሳነሱ ቁጥር እኔ ወደ ፊት እሄዳለሁ። ቁጥር አያልቅብኝም።»

ቀጥሎ አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ሰማሁ፤ ፕሮፌሰሩ እየሳቁ ነው። ሳቃቸው ቆሞ የቆየ መኪና ሲነሳ የሚያሰማው ዓይነት ነው።

«በልጅነታችን እንዲህ ያቃተው ሰው አገር ይሰጥ ነበር» አሉ። ስለ እኛ ግሩፕ አንዲት ቃል የነገራቸው የለም። «አልፈሻል። በጥሩ ሁኔታ አልፈሻል። ይጻፍላት። ወንድማችንንም ሳሙናውን ስጪው፤ ቆሞ ቀረ እኮ።»

ሚስቴ ስልኩን አነሳችና ማይኩ ጠፍቶ እንደሆነ አንዴ አይታ አረጋገጠች። ከዚያ «አሁን ጩኽ» አለችኝ። ጮኽኩ። ዶሮዎቹ ለሳምንት እንቁላል አልጣሉም ብል ብዙም አልዋሸሁም። እማማ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው ማን ሞተ አሉ። ማንም እንዳልሞተ፣ እንዲያውም አንዲት ልጅ ለሁሉም ቦታ የሚበቃ ዴልታ እንደሌለ እንዳረጋገጠች ነገርኳቸው። «እግዜር ያጽናቸው» ብለው ወረዱ።

ከሰዓት በኋላ እሷው ደወለች። ቮይስ አልላከችም፤ ደወለች።

«መምህር፣ አለፍኩ እኮ።»

«ሰምቻለሁ፤ እዚያው ነበርኩ።»

«ነበሩ እንዴ? ምንም ድምፅ አላሰሙም።»

«አስረውኝ ነበር።»

ሳቀች። ለአባቷ ነግራው እንደሆነ ጠየቅኋት። «ነገርኩት። ምንም አላለም። ሱቁን ዘግቶ ለጎረቤት ሊነግር ሄደ፤ መልሼ ከፈትኩት» አለች። ከዚያ አንድ ደንበኛ መጣባትና «አንዴ መምህር» ብላ ስልኩን የሆነ ነገር ላይ አስቀመጠችው። ረሳችው፤ አልዘጋችውም። እኔም አልዘጋሁም።

«ደስ ብሎሻል ዛሬ» ይላታል ደንበኛው።

«ተመረቅሁ። ሒሳብ። ዛሬ ነው የመጨረሻውን የተፈተንኩት።»

«ከባድ ነው ይላሉ።»

«ከባድ ነው እንጂ። አንድ ትልቅ ፕሮፌሰር መጡብኝ። ሃምሳ ጊዜ ጠየቁኝ፣ ሃምሳ ጊዜ ዘረርኳቸው» አለች። ሃምሳ ጊዜ አልነበረም። ከማን እንደተማረችው ግን የሚያጠራጥር አይደለም። «ቆይ ላስረዳህ። አንድ ቁጥር ጥራልኝ፤ በጣም ትንሽ።»

«ዘይቱን...»

«ዘይቱ ይደርሳል። ጥራ።»

ሰውየው ጠራ። እሷም ማስረዳት ጀመረች፤ ድምፅዋ ሱቁን አልፎ መንገዱ ድረስ የሚሰማ ይመስለኛል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ሰማኋት። ሁለተኛ ደንበኛ መጣ፤ እሱንም ቁጥር ጥራ አለችው።